አውጉስት ኬኩሌና የቤንዞል ቀለበት

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1829 ዳርምሽታት በተባለችው የጀርመን ከተማ የተወለደው አውጉስት ኬኩሌ ወደ ጊሰን ዩኒቨርሲቲ የገባው የሕንፃ ንድፍ ሊማር ነበር። ሆኖም የታላቁን ሊቅ የዩስቱስ ሊቢክን ትምህርት ከሰማ በኋላ ሐሳቡን ለውጦ ኬሚስትሪን መረጠ። ሕንፃ መሥራቱን ቢተውም ቅርጽንና አገጣጠምን መመርመር የዕድሜ ልክ ተግባሩ ሆነ።

በ1858 የካርቦን አቶም አራት ትስስር እንደሚፈጥርና ካርቦኖች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ሰንሰለት እንደሚሠሩ አስታወቀ። ስኮትላንዳዊው አርቺባልድ ስኮት ኩፐርም በዚያው ዓመት በራሱ መንገድ ከዚሁ ሐሳብ ደርሷል። ኬኩሌ በዚህ ጊዜ በቤልጂግ አገር የጌንት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያ ያገባት ባለቤቱ ግን በ1863 ወንድ ልጅ ከወለደች በኋላ ብዙም ሳትቆይ ሞተችበት።

የዘመኑን ጠበብት ያስቸገረው ማይክል ፋራዴይ በ1825 ለይቶ ያገኘው ቤንዞል ነበር። ለመኪና ከሚቀዳው ቤንዚን የተለየው ይህ ፈሳሽ ስድስት ካርቦንና ስድስት ሃይድሮጂን ይዟል። የሃይድሮጂኑ ማነስ ሲታይ እንደ ሌሎቹ ያልጠገቡ ውሁዶች ብሮሚንን በቀላሉ መደመር ይገባው ነበር። ይሁን እንጂ ብረት በአጋዥነት ሲገባበት አንድ ሃይድሮጂን ለቆ በምትኩ አንድ ብሮሚን ይይዛል እንጂ አይደምርም።

ኬኩሌ በ1865 ባሳተመው ጽሑፍ ስድስቱ ካርቦኖች በቀለበት መልክ እንደተያያዙ አመለከተ። በጌንት አብሮት የሠራው አልበርት ላደንቡርግ ግን ተቃወመ። ነጠላና ድርብ ትስስሮች የሚፈራረቁ ከሆነ፣ ሁለት ጎረቤታም ሃይድሮጂኖች ሲተኩ ሁለት ዓይነት ውሁድ መገኘት ነበረበት፤ የሚገኘው ግን አንድ ብቻ ነው። ኬኩሌ ተቃውሞውን አልናቀም። በ1872 ትስስሮቹ ያለማቋረጥ ቦታ እንደሚለዋወጡ በመግለጽ የራሱን ንድፈ ሐሳብ አሻሻለ።

ከ1867 ጀምሮ በቦን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኖሮ በ1896 አረፈ። ከደቀ መዛሙርቱ ቫንት ሆፍ፣ ኤሚል ፊሸርና አዶልፍ ፎን ባየር በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

በ1929 ካትሊን ሎንስዴል በኤክስ ሬይ ባደረገችው ምርመራ ቀለበቱ ጠፍጣፋ ባለ ስድስት ማዕዘን መሆኑን አረጋገጠች። ዛሬ እንደሚታወቀው ስድስቱ ትስስሮች እኩል ናቸው፤ ኤሌክትሮኖቹም ቀለበቱን በሙሉ ይጋራሉ። ኬኩሌ ይህን ለማየት ባይታደልም፣ ማስረጃ በጠየቀው ጊዜ ሥራውን ለማረም ባለመፍራቱ የጣለው መሠረት ጸንቷል።