ቻርልስ ሊንድበርግና የኒውዮርክ–ፓሪስ ጉዞ

በሁለት አየር ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም፤ ጉዞው የሚፈጀው ጊዜ ግን በክብደት፣ በነፋስና በነዳጅ ይለዋወጣል። ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ካወቁት ቀደምት አብራሪዎች አንዱ አሜሪካዊው ቻርልስ ሊንድበርግ ነው።

ሊንድበርግ እ.ኤ.አ. በ1902 በዲትሮይት ከተማ ተወለደ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን የሜካኒካል ምሕንድስና ትምህርት አቋርጦ በረራ ተማረ። በ1926 በሴንት ሉዊስና በሺካጎ መካከል ፖስታ ማመላለስ ጀመረ። መንገዱ አጭርና የታወቀ ቢሆንም፣ በዚያው ዓመት በመጥፎ አየር ምክንያት ማረፊያ አጥቶ ነዳጁ ስላለቀበት ሁለት ጊዜ በፓራሹት ዘሎ ሕይወቱን አተረፈ።

በ1919 ሬይሞንድ ኦርቴግ የተባለ የሆቴል ባለቤት በኒውዮርክና በፓሪስ መካከል ሳያርፍ ለሚበር 25,000 ዶላር ሽልማት አቁሞ ነበር። ከሴፕቴምበር 1926 እስከ ሜይ 1927 ድረስ ለዚሁ ዓላማ የተሰናዱ ሁለት ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላኖች ከባድ ጭነት ይዘው ሲነሡ ተከስክሰው አራት ሰዎች ሞቱ። ከፓሪስ የተነሡ ሁለት ፈረንሳውያንም የደረሱበት ሳይታወቅ ቀረ።

ሊንድበርግ ግን ሞተር መጨመር ክብደትና የብልሽት ምክንያት መጨመር ነው ብሎ አመነ። በመሆኑም በሳንዲዬጎ ከተማ ከመሐንዲሱ ዶናልድ ሆል ጋር ሆኖ ባለ አንድ ሞተርና ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን አውሮፕላን አሠራ። ራዲዮና ፓራሹት ትቶ በምትካቸው ነዳጅ ጫነ፤ የያዘው ቤንዚን 1,700 ሊትር ያህል ነበር።

ርቀቱን በመጀመሪያ የለካው በቤተ መጻሕፍት በሚገኝ የምድር ሉል ላይ ክር ዘርግቶ ነው፤ ውጤቱም 5,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። በመርከበኞች ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ቀጥ ብሎ የሚታየው መስመር በምድር ላይ አጭሩ አይደለም። አጭሩ መንገድ ወደ ሰሜን ጎብጦ በኒውፋውንድላንድ በኩል ያልፋል። ስለዚህ መንገዱን በየ160 ኪሎ ሜትሩ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል የኮምፓሱን አቅጣጫ አስቀድሞ አሰላ።

በሜይ 20 ቀን 1927 ከጧቱ 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ላይ ከኒውዮርኩ ሩዝቬልት ሜዳ ተነሣ። በረዶና ጉም ገጠመው፤ ከሁሉ የከፋው ጠላቱ ግን እንቅልፍ ነበር። የአየርላንድን የባሕር ዳርቻ ሲያይ ካሰላው መስመር የራቀው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ነፋሱም ከኋላው ስለገፋው ከታሰበው ሰዓት ቀድሞ ደረሰ። በማግስቱ በፓሪስ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ በለ ቡርዤ አረፈ። በሁለቱ ከተሞች ሰዓት ቢቆጠር 38 ሰዓት ተኩል ይመስላል፤ ነገር ግን አምስቱ የሰዓት ክልል ልዩነት በመሆኑ በአየር ላይ የቆየው 33 ሰዓት ተኩል ነው።

በኋላ ለፓን አሜሪካን አየር መንገድ አዳዲስ መስመሮችን በማጥናት አገለገለ። ከ1939 እስከ 1941 ድረስ አገሩ ወደ ጦርነቱ እንዳትገባ በመከራከሩ ብርቱ ነቀፌታ ደረሰበት። በ1944 ግን በሰላማዊ ዜግነቱ ወደ ፓሲፊክ ሄዶ ነዳጅ ቆጥቦ ርቆ የመብረርን ዘዴ ለተዋጊ አብራሪዎች አስተማረ። በ1974 በሐዋይ ዐረፈ።

ዛሬ የጄት አውሮፕላን ከኒውዮርክ ፓሪስ በ7 ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል፤ ሲመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚገጥመው አንድ ሰዓት ያህል ይጨምራል። ርቀቱ ግን ሊንድበርግ በክር የለካው ያው ነው።