ማሞ ወልዴና የአሥራ ሁለት ዓመት ትዕግሥት

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የቢሾፍቱን ዙሪያ፣ የአድዓን ምድር እናልፋለን። ሻምበል ማሞ ወልዴ የዚያ አገር ልጅ ነው። ሰኔ 5 ቀን 1924 ዓ.ም. ተወለደ፤ የክብር ዘበኛ ወታደርም ሆኖ ኮሪያ ዘመተ።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ማሞ ሜልቦርን ላይ በ800 እና በ1500 ሜትር ሮጦ ማጣሪያውን ማለፍ አልቻለም። ልምምዱን ግን አልተወም፤ ወደ ረጅም ርቀት ተሻገረ። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር 4ኛ ወጣ፤ ማራቶኑን አቋረጠ።

ጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲቲ በ10 ሺህ ሜትር ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት በኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ተቀድሞ ብር አገኘ። ከሳምንት በኋላ በተካሄደው ማራቶን አበበ ቢቂላ በጉዳት ሲያቋርጥ፣ ማሞ ሁለተኛውን ከ3 ደቂቃ በላይ ቀድሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ። ዕድሜው 36 ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ ጨመረ።

የመጨረሻ ዘመኑ ከባድ ነበር። በደርግ ጊዜ በተፈጸመ ግድያ ተከስሶ፣ አልገደልኩም ብሎ ተከራክሮ፣ 9 ዓመት ታሰረ። ከተፈታ ከጥቂት ወራት በኋላ ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. አረፈ።

ማራቶን ሲጀመር እግር ቀላል ነው፤ መፍጠን ያምራል። ያን አምሮት የተከተለ ሯጭ ጉልበቱን ቀድሞ ይጨርስና ከ30ኛው ኪሎ ሜትር ወዲያ ዋጋውን ይከፍላል። እኛም ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን ስንሸጥ ውለን፣ ድካም ሲመጣ ለስላሳ እንከፍታለን፤ ቡናው ላይ ስኳር እንደራርባለን፤ ለአጭር መንገድ ባጃጅ እንጠራለን። ደስታው ወዲያው ነው። ዕዳው ግን ከዓመታት በኋላ ደም ግፊትና የስኳር በሽታ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ የሚወጣው ለልጆች ትምህርት የቆጠብነው ገንዘብ ነው።

ስለዚህ በትንሹ እንጀምር። ስኳሩን በግማሽ ማንኪያ እንቀንስ። ለስላሳ ሲያምረን ውሃ ጠጥተን ጥቂት እንቆይ፤ አምሮቱ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ፀሐይ ሳይበረታ ሁለት ሁለት ሆነን ግማሽ ሰዓት በእግር እንሂድ። በሁለተኛው ሳምንት ያቋረጠች እህት ካለች አትፈር፤ በሦስተኛው ትመለስ። ማሞም ቶኪዮ ላይ አቋርጦ ነበር፤ ወርቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።