ዣን ፒያዤ

ዣን ፒያዤ (ኦገስት 9 ቀን 1896 – ሴፕቴምበር 16 ቀን 1980 እ.ኤ.አ.) የስዊዘርላንድ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር። በተለይ የሚታወቀው የልጆች አስተሳሰብ ከሕፃንነት እስከ ጉርምስና እንዴት እንደሚለወጥ በማጥናቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ሕይወቱ

ፒያዤ የተወለደው በኑሻቴል ከተማ ነው። አባቱ አርተር ፒያዤ የመካከለኛው ዘመን ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር። ልጁ ግን ገና በትንሽነቱ ወደ እንስሳት ጥናት አዘነበለ፤ በ1907 ስለ አንዲት ነጭ ድንቢጥ የጻፈው አጭር ማስታወሻ ታተመለት። በ1918 ስለ ቀንድ አውጣና መሰሎቹ ባደረገው ጥናት ከኑሻቴል ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። ሕያው ፍጥረት ከአካባቢው ጋር እንዴት ይላመዳል የሚለውን ጥያቄ በኋላ ወደ ሰው አእምሮ አዞረው።

ከፓሪስ ወደ ጄኔቫ

በ1919 ወደ ፓሪስ ሄደ። እዚያም ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሲሠራ፣ የማመዛዘን ችሎታ መለኪያ ጥያቄዎችን ለልጆች የማቅረብ ሥራ ተሰጠው። ሥራው ትክክለኛ መልሶችን መቁጠር ነበር፤ ፒያዤን የሳቡት ግን የተሳሳቱት መልሶች ናቸው። በተቀራራቢ ዕድሜ ያሉ ልጆች ተመሳሳይ ስሕተት እንደሚሠሩ አስተዋለ። ስለዚህ ከልጆቹ ጋር እየተጨዋወተ ለምን እንዲህ እንዳሉ ይጠይቃቸው ጀመር።

በ1921 ኤድዋር ክላፓሬድ በጄኔቫ ወደሚገኘው የሩሶ ተቋም ወሰደው። በ1923 ቫለንቲን ሻትኔን አገባ፤ ዣክሊን፣ ሉሲየንና ሎራን የተባሉ ሦስት ልጆችም ወለዱ። ባልና ሚስቱ የልጆቻቸውን እድገት በቅርብ እየተከታተሉ ይመዘግቡ ነበር። ለምሳሌ የጥቂት ወራት ሕፃን አሻንጉሊቱ በጨርቅ ሲሸፈንበት አይፈልገውም፤ የአንደኛ ዓመት ልደቱ ሲቃረብ ግን ጨርቁን ገልጦ ይወስደዋል።

የአስተሳሰብ ደረጃዎች

ፒያዤ እድገትን በአራት ደረጃዎች ከፈለ፦

* እስከ 2 ዓመት፦ ሕፃኑ ዓለምን በስሜት ሕዋሳቱና በእንቅስቃሴው ያውቃል።
* ከ2 እስከ 7 ዓመት፦ በቃላትና በምስል ያስባል፤ ነገሩን ከሌላው ሰው አንጻር ማየት ግን ይከብደዋል።
* ከ7 እስከ 11 ዓመት፦ በሚታዩና በሚዳሰሱ ነገሮች ላይ በሥርዓት ያመዛዝናል።
* ከ11 ዓመት በኋላ፦ ያልታየንና ሊሆን የሚችልን ነገር ማሰብ ይጀምራል።

የታወቀው ሙከራው በውኃ የተደረገው ነው። በሁለት እኩል ብርጭቆዎች እኩል ውኃ ይቀዳል፤ ከዚያ የአንዱ ውኃ ወደ ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ይገለበጣል። የ4 ወይም የ5 ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ ረጅሙ ብርጭቆ የበለጠ ውኃ እንደያዘ ይናገራል። ከ7 ዓመት ገደማ በኋላ ግን ምንም እንዳልተጨመረና እንዳልተቀነሰ ያስረዳል። ለፒያዤ የትንሹ ልጅ መልስ የስንፍና ምልክት ሳይሆን የዕድሜው አስተሳሰብ ውጤት ነው።

ትችትና ተጽዕኖ

የሶቪየቱ ሌቭ ቪጎትስኪ ልጅ ከሌሎች ጋር በመነጋገር የሚያገኘውን ዕውቀት ፒያዤ አሳንሶ እንዳየው ተከራከረ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም ሕፃናት ፒያዤ ከገመተው ቀደም ብለው ብዙ እንደሚረዱ አሳይተዋል፤ የደረጃዎቹም ወሰን እርሱ እንዳስቀመጠው ጥብቅ አይደለም።

ፒያዤ ከ1929 ጀምሮ ዓለም አቀፉን የትምህርት ቢሮ ለብዙ ዓመታት መርቷል፤ በ1955ም በጄኔቫ የዕውቀትን አመጣጥ የሚያጠና ማዕከል መሠረተ። ልጅ ዕውቀትን ከመምህሩ ብቻ የሚቀበል ሳይሆን ነገሮችን እየሞከረ ራሱ የሚገነባ ነው የሚለው ሐሳቡ እስከ ዛሬ በመምህራን ሥልጠና ይሰጣል። በ84 ዓመቱ በጄኔቫ አረፈ።