ሙታንን በካሜራ አሳያለሁ ያለው ሰው፦ የዊልያም መምለር ሕይወትና ሙግቱ

በአውሮፓውያኑ 1869 የጸደይ ወራት የኒው ዮርክ ጋዜጦች ያለ ዕረፍት ሲከታተሉት የሰነበቱት አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነበር። ተከሳሹ ነፍስ አላጠፋም፤ ባንክም አልዘረፈም። የቀረበበት ክስ የሞቱ ሰዎችን መንፈስ በፎቶግራፍ አወጣለሁ እያለ ከሐዘንተኞች ገንዘብ ተቀብሏል የሚል ነው። ዊልያም መምለር ይባላል። ጉዳዩ የተሰማውም በአጋጣሚ የከተማው ሕዝብ ‹‹መቃብሮቹ›› ብሎ በሚጠራው የእስር ቤትና የፍርድ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር።

ያ ችሎት አንድን ሰው ብቻ አልመረመረም። ዕድሜው ገና 30 ዓመት ብቻ የሆነውን የፎቶግራፍ ጥበብ እውነተኛነት ጭምር ለምርመራ አቅርቧል። ካሜራ ያየውን ብቻ የሚመዘግብ ከሆነ፣ በመስተዋቱ ላይ የታዩት ጥላዎች ምንድን ናቸው? ካሜራ የሚዋሽ ከሆነስ፣ ከእንግዲህ በምን ይታመናል?

ከጌጥ ቀራጭነት ወደ ፎቶ ቤት

መምለር የተወለደው በ1832 ሲሆን በቦስተን ከተማ ይተዳደር የነበረው በወርቅና በብር ጌጦች ላይ ስምና ሐረግ በመቅረጽ ነበር። በሙያው የተመሰገነ፣ እጁ ረቂቅ ሥራ የለመደ ሰው ነው። ፎቶግራፍን የጀመረው በትርፍ ጊዜው እንደ መዝናኛ አድርጎ ነበር።

በ1860ዎቹ መጀመሪያ፣ ብቻውን ሆኖ የራሱን ፎቶግራፍ ሲያነሳ፣ ከጎኑ የአንዲት ወጣት ሴት ደብዛዛ ምስል እንደወጣ ተናገረ። ምስሏ ከ12 ዓመታት በፊት የሞተችው የአክስቱ ልጅ እንደሆነች አስታወቀ። እርሱ ራሱ በኋላ እንደጻፈው፣ መጀመሪያ ላይ ነገሩ በደንብ ካልጸዳ መስተዋት የመጣ ስሕተት መስሎት ነበር። ወሬው ግን ከእርሱ ቀድሞ በቦስተን ተሠራጨ። ብዙም ሳይቆይ መምለር የቀራጭነት ሥራውን ትቶ የሙሉ ጊዜ የመናፍስት ፎቶ አንሺ ሆነ። ባለቤቱ ሃና ደግሞ ከመናፍስት ጋር እገናኛለሁ፣ ሕሙማንንም እፈውሳለሁ የምትል ሴት ነበረች፤ ደንበኞችን በመቀበል ታግዘው ነበር።

ገበያው የደራበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ1848 በኒው ዮርክ ግዛት ሃይድስቪል በተባለች መንደር የፎክስ እኅትማማቾች ከሙታን ጋር በማንኳኳት ድምፅ እንነጋገራለን ካሉ ወዲህ ስፒሪቹዋሊዝም የተባለው እምነት አሜሪካን አዳርሶ ነበር። በዚያ ላይ ከ1861 እስከ 1865 የዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን ቀጠፈ። ብዙዎቹ ከቤታቸው ርቀው የተቀበሩ፣ ቤተሰብ አስከሬናቸውን አጥቦ ያልገነዛቸው፣ መቃብራቸውም ያልታወቀ ነበሩ። በሽኝት ያልተቋጨ ሐዘን ደግሞ ምልክት ይፈልጋል። መምለር ለዚህ ሐዘን በእጅ የሚያዝ፣ በአልበም የሚቀመጥ ምልክት አቀረበለት።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። ተራ ፎቶግራፍ በጥቂት ሳንቲሞች በሚገኝበት ዘመን መምለር እስከ 10 ዶላር ያስከፍል ነበር። የተፈለገው መንፈስ እንደሚወጣም ዋስትና አይሰጥም። ምንም ካልወጣ ደንበኛው ሌላ ጊዜ ተመልሶ መሞከር ነበረበት።

ጥርጣሬው እንዴት ጀመረ?

ተጠራጣሪዎቹ ገና ከመጀመሪያው ነበሩ። የቦስተን ፎቶ አንሺዎች ወደ መምለር ቤት እየሄዱ ሥራውን ይመረምሩ ነበር። ከእነርሱ አንዱ በ1860 ከፊኛ ላይ ሆኖ የቦስተንን ከተማ በማንሳት ስሙ የተጠራው ጄምስ ብላክ ነው። መምለር በማስታወሻው እንደተረከው፣ ብላክ ከመስተዋቱ ዝግጅት ጀምሮ ዓይኑን ሳይነቅል ቢከታተልም በመጨረሻ ከትከሻው ላይ የተደገፈ ሰው ምስል ሲወጣ ተደንቆ ሄዷል። ይህ ግን የባለጉዳዩ የራሱ ቃል መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

በ1863 የመጣው ክስ ከሁሉም የከበደ ነበር። ያቀረቡት በመናፍስት የማያምኑ ሰዎች ሳይሆኑ የእምነቱ ተከታዮች ራሳቸው ናቸው። በአንዳንድ ፎቶግራፎች ላይ እንደ መንፈስ የወጡት ሰዎች በሕይወት ያሉ፣ በቦስተን ጎዳናዎች የሚመላለሱ ሰዎች ሆነው ተገኙ። የመምለር ስም ወዲያው ጎደፈ፤ ደንበኛውም ሳሳ። በዚያው ዓመት ዕውቁ ሐኪምና ደራሲ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ በአንድ የታወቀ መጽሔት ላይ ስለ ፎቶግራፍ ሲጽፍ የመናፍስቱን ምስሎች በምፀት አነሳቸው። ሐዘን ያደከመው ዓይን ከጨርቅ እጥፋት የልጁን ፊት እንደሚያወጣም አስገነዘበ።

በእርግጥ ዘዴው ለባለሙያዎች እንግዳ አልነበረም። ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዴቪድ ብሩስተር በ1856 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰውን እንደ መንፈስ አሳስቶ ለማሳየት የሚቻልበትን መንገድ ለመዝናኛ ብሎ ገልጾት ነበር። በዘመኑ ፎቶግራፍ የሚነሳው በመስተዋት ላይ ነው። መስተዋቱ ኮሎዲየን በተባለ አጣባቂ ፈሳሽ ይቀባል፤ በብር ናይትሬት ውስጥ ይነከራል፤ ገና እርጥብ ሳለም ካሜራ ውስጥ ይገባል። ተነሺው ለበርካታ ሰከንዶች ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። በዚህ መካከል ሌላ ሰው ከኋላው ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ዞር ቢል፣ በፎቶግራፉ ላይ ግድግዳውን አሳልፎ የሚያሳይ ሐመልማላማ ሳይሆን ጭጋግ የመሰለ ሰው ሆኖ ይወጣል። አንዱ መስተዋት ከታጠበ በኋላ ደግሞ እንደገና ስለሚሠራበት፣ በሚገባ ካልጸዳ የቀድሞው ተነሺ ጥላ ይቀርበታል። ሁለት ኔጋቲቮችን በአንድ ወረቀት ላይ አከታትሎ ማተምም ይቻላል።

ከቦስተን ወደ ኒው ዮርክ

መምለር በ1860ዎቹ መጨረሻ ወደ ኒው ዮርክ አቀና። እዚያም ሥራው እንደገና ደራ። ነገር ግን ከአንድ የከተማው ጋዜጣ ባልደረባ የቀረበው አቤቱታ ከከንቲባው ከኦኪ ሆል ዘንድ ደረሰ። ከንቲባው ጆሴፍ ቱከር የተባለውን ሹም ላኩ። ቱከር ስሙን ቀይሮ እንደማንኛውም ደንበኛ ከፍሎ ተነሳ። የቀረበለት መንፈስ ግን ከሚያውቀው የሞተ ዘመዱ ጋር የሚመሳሰል አልሆነም። በሚያዝያ 1869 መምለር ታሰረ።

የቀዳሚ ምርመራው ዳኛ ጆሴፍ ዳውሊንግ ነበሩ። ከሳሹን ወገን የወከሉት ኤልብሪጅ ጌሪ ሲሆኑ፣ ለመምለር ጆን ታውንሰንድ በጥብቅና ቆሙ። ሃርፐርስ ዊክሊ የተባለው ታዋቂ ሳምንታዊ መጽሔት የመምለርን ሥዕሎች በፊት ገጹ ይዞ ወጣ።

የዐቃቤ ሕጉ ምስክሮች በአብዛኛው ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። መናፍስት የሚመስሉ ምስሎች የሚሠሩባቸውን ልዩ ልዩ መንገዶች አንድ በአንድ አስረዱ። ከሁሉ በላይ የሰዉን ቀልብ የሳበው ግን የትርኢት ነጋዴው ፒ. ቲ. ባርነም ነው። ባርነም የዓለምን ማጭበርበሪያዎች የሚዘረዝር መጽሐፍ በ1865 አሳትሞ ነበር። አብርሃም ቦጋርደስ የተባለ የታወቀ ፎቶ አንሺም ባርነምን ከተገደሉት ፕሬዚዳንት ሊንከን መንፈስ ጋር አንድ ላይ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ሆን ብሎ ሠርቶ ለችሎቱ አቀረበ። ምስሉ ሐሰተኛ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከመምለር ሥራዎች ግን በቀላሉ የሚለይ አልነበረም። የተከሳሹ ጠበቃ በበኩሉ ባርነምን በመስቀለኛ ጥያቄ አፋጠጠው። ከዝንጀሮና ከዓሣ የተሰፋን በድን የባሕር ሴት ናት ብሎ በገንዘብ ሲያሳይ የኖረ ሰው ስለ ሌላው አታላይነት የመመስከር ምን መብት አለው የሚለው ሙግት ቀላል አልነበረም።

ለመምለር የመሰከሩትም ተራ ሰዎች አልነበሩም። በኒው ዮርክ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዳኝነት ያገለገሉት ጆን ኤድመንድስ ራሳቸው መናፍስትን ያዩ እንደነበር በመሐላ ተናገሩ። ቻርልስ ሊቨርሞር የተባለ ባለጸጋ የባንክ ሰው በፎቶግራፉ ላይ የወጣችው ሴት የሞተችው ባለቤቱ ኤስቴል መሆኗን ያለ ማመንታት አረጋገጠ። ወደ ፎቶ ቤቱ የሄደው ተጠራጣሪ ሆኖ እንደነበርም አስረዳ። የሥራውን ሂደት ከጨለማው ክፍል ጀምሮ የተከታተሉ ፎቶ አንሺዎችም ማታለያ አለማግኘታቸውን መሰከሩ።

የችሎቱ እውነተኛ ችግር የወጣው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ምስሎቹ በማታለል ሊሠሩ እንደሚችሉ አሳየ እንጂ፣ መምለር በዚህ ዘዴ፣ በዚህ ቀን አታሏል ብሎ የሚመሰክር አንድ ሰው አላቀረበም። ሊሆን ይችላል ማለትና ሆኗል ማለት በሕግ ፊት የተለያዩ ናቸው። ዳኛ ዳውሊንግ በግንቦት 3 ቀን ውሳኔያቸውን ሰጡ። በግላቸው ማጭበርበር እንዳለ ኅሊናቸው ቢያምንም፣ የቀረበው ማስረጃ ግን ጉዳዩን ወደ ከፍተኛው ችሎት ለማስተላለፍ በቂ አለመሆኑን ገልጸው ተከሳሹን አሰናበቱት። ሁለቱም ወገኖች አሸነፍን አሉ።

የመበለቲቱ ፎቶግራፍ

መምለር ወደ ቦስተን ተመለሰ። ስሙ ዳግም ባያንሰራራም፣ እስከ ዛሬ የሚታወቅበትን ምስል ያነሳው ከዚህ በኋላ ነው። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ጥቁር የለበሰች፣ ፊቷን በዓይነ ርግብ የሸፈነች ሴት ወደ ቤቱ መጣች። የሰጠችው ስም እውነተኛ ስሟ አልነበረም። ሴትዮዋ የአብርሃም ሊንከን መበለት ሜሪ ቶድ ሊንከን ነበሩ። ባለቤታቸው በ1865 ከጎናቸው ተቀምጠው ሳለ በጥይት ተመትተዋል፤ ከአራት ወንዶች ልጆቻቸውም ሦስቱን ቀብረዋል። በፎቶግራፉ ላይ ከኋላቸው የቆመ፣ እጆቹን በትከሻቸው ላይ ያሳረፈ ረጅም ደብዛዛ ሰው ይታያል።

መምለር ማንነታቸውን ያወቀው ምስሉ ከወጣ በኋላ ብቻ እንደሆነ ጽፏል። ተጠራጣሪዎች ይህን አይቀበሉም፤ በአገሩ ሁሉ መልካቸው የታወቀ ሴት ነበሩና። የሊንከን ምስልም በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስለነበር፣ ለማታለል ለፈለገ ሰው በቀላሉ የሚገኝ ነገር ነበር። ሜሪ ሊንከን ግን በምስሉ አምነው፣ ተጽናንተው ተመለሱ።

መምለር በ1875 የመናፍስት ፎቶግራፍ ትዝታዎቹን በመጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት በፓሪስ ኤዱዋርድ ቡጌ የተባለ የመናፍስት ፎቶ አንሺ ተከሶ በችሎት ፊት ማታለሉን አመነ፤ የሚጠቀምባቸው አሻንጉሊቶችና ከካርቶን የተቆረጡ ራሶችም በማስረጃነት ቀረቡ። ሆኖም ከደንበኞቹ አንዳንዶቹ ከዚያ በኋላ እንኳ የሟች ዘመዶቻቸውን ፊት በትክክል ማየታቸውን ከመመስከር አልተመለሱም። በእንግሊዝም በ1922 መርማሪው ሃሪ ፕራይስ በምሥጢር ምልክት የተደረገባቸው መስተዋቶችን ይዞ ዊልያም ሆፕ ወደተባለ ፎቶ አንሺ ሄደ፤ ምስሉ የወጣበት መስተዋት ግን ምልክቱ የሌለበት ሆኖ ተገኘ። ልጃቸውን በ1918 ያጡት ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ሆፕን መከላከላቸውን አላቆሙም።

መምለር ራሱ አንድም ቀን አላመነም። በስተኋላ ሥራው ያተኮረው ፎቶግራፎች ከፊደል ጋር በተራ ማተሚያ እንዲታተሙ የሚያስችል የሕትመት ሳህን በማዘጋጀት ላይ ነበር። በሙያው ዘንድ ተቀባይነት ያገኘውም በዚህ ፈጠራው ነው። ሐሰተኛ ምስል ሠርቷል ተብሎ በጋዜጦች የተወገዘው ሰው፣ ጋዜጦች ፎቶግራፍ እንዲያትሙ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ሆነ። በግንቦት 1884 ዐረፈ።

የታሪክ ተመራማሪዎች ዛሬ ሥራዎቹን የሚያዩአቸው እንደ ድርብ ምስል ማታለያ ነው፤ ቁጥጥር በተደረገበት ምርመራ የጸና የመንፈስ ፎቶግራፍ አልተገኘምና። የመምለር የእጅ አሠራር ግን ከእርሱ ጋር ተቀብሯል። በሎስ አንጀለሱ የጌቲ ሙዚየም የሚገኙትን ምስሎቹን ተረጋግቶ ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። የተቀመጡት ሰዎች ፊት ጥርት ያለ ነው፤ የመናፍስቱ ፊት ግን የማንም ሊሆን የሚችል ነው። ያንን ጭጋግ ሚስት፣ ልጅ ወይም ወንድም ያደረገው ካሜራው አልነበረም። ገንዘብ የተከፈለበት ሐሰት ከመምለር ቤት ሊወጣ ይችላል፤ የታወቀው ፊት ግን በሐዘንተኛው ልብ ተቀምጦ ከቤቱ አብሮት የመጣ ነበር።