ዳንኤል ሳንፎርድ

ብርጋዴር ዳንኤል አርተር ሳንፎርድ (1874–1964 ዓ.ም.) እንግሊዛዊ የጦር መኮንን፣ ገበሬና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ ነበሩ። በይበልጥ የሚታወቁት በጣልያን ወረራ ዘመን ከጎጃም አርበኞች ጋር ባደረጉት ተጋድሎ ነው።

የመጀመሪያ ዘመን

የተወለዱት በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በዴቨን አውራጃ ነው። አባታቸው ቄስ ነበሩ። በመድፈኛ ክፍል መኮንንነት ተመርቀው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ተዋግተዋል፤ ዲ.ኤስ.ኦ. የተባለውን የጀግንነት ኒሻንም ሁለት ጊዜ ተሸልመዋል።

ከጦርነቱ በኋላ ከባለቤታቸው ከክርስቲን ጋር ኢትዮጵያ ገብተው፣ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ከሱሉልታ ባሻገር፣ በሙገር ሸለቆ አፋፍ ላይ በምትገኘው ሙሉ እርሻ አቋቋሙ። ከንጉሠ ነገሥቱም ጋር ወዳጅነት መሠረቱ። ጣልያን አገሪቱን ስትይዝ ግን ቤተሰቡ እርሻውን ጥሎ ለመውጣት ተገደደ።

ተልዕኮ 101

ጣልያን በ1932 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስትገጥም፣ ሳንፎርድ ተልዕኮ 101 የተባለውን ቡድን እንዲመሩ ተሾሙ። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ በ58 ዓመታቸው፣ በክረምት ዝናብ ጥቂት ሰዎችና የጭነት አጋሰሶች ይዘው ከሱዳን ወደ ጎጃም ተሻገሩ። ጎጃም በጣልያን ምሽጎች የተሞላ ስለነበር፣ የቡድኑ ሕይወት የተመሠረተው በሕዝቡና በአርበኞቹ ታማኝነት ላይ ነበር።

በዚያ ወቅት ትልቁ ችግር የመሣሪያ እጥረት ብቻ አልነበረም። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ተቃቅረው ነበር፤ አርበኞች እርስ በርስ ከተዋጉ ደግሞ የሚጠቀመው ጠላት ነው። ሳንፎርድ ሁለቱን መሪዎች አግባብተው እንዲተባበሩ አደረጉ። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አዛዥ ከበደ ተሰማም በጎጃም አርበኞችን በማስተባበር ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው፣ በኦርድ ዊንጌት ከሚመራው የጌዴዎን ጦርና ከአርበኞች ጋር ዘመቱ። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ሳንፎርድ የብርጋዴርነት ማዕረግ አግኝተው አማካሪያቸው ሆነው ነበር።

ከድል በኋላ

ሳንፎርድ በመንግሥት ሥራ ካገለገሉ በኋላ ወደ ሙሉ እርሻቸው ተመለሱ። ክርስቲን በአዲስ አበባ የመሠረቱት ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ሳንፎርድ በሚለው ስም ይጠራል። ሳንፎርድ ጥር 1964 ዓ.ም. በ89 ዓመታቸው ዐረፉ።