ዐፄ ፋሲልና የቀሃ ውኃ

በዚህ እትም የታዋቂ ሰዎችን ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስለ ሩቅ አገር ሰው ልጽፍ አስቤ ነበር። ኋላ ላይ ግን ስማቸውን በየቀኑ የምንጠራቸው ዐፄ ፋሲል እያሉ ምን አስኬደኝ ብዬ ተውኩት።

ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1603 ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል ስላዘዙ አገሩ በጦርነት ታመሰ፤ ብዙ ሰው አለቀ። በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞው እምነት እንዲመለስ አወጁና ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ፋሲልም ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። እንዲህ የተጎዳ አገር መረከብ መቼም ቀላል አይመስለኝም።

ከእሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት ብዙ ጊዜ በድንኳን ከቦታ ቦታ ይዞሩ ነበር። ማገዶው ሲያልቅ ድንኳኑን ነቅሎ መሄድ ነው። ቆሻሻውስ? እሱማ እዚያው ይቀራል! ዐፄ ፋሲል ግን በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩና በድንጋይና በኖራ ግንብ አሠሩ። ቦታውን በአደን ላይ ሳሉ ጎሽ መርቷቸው አገኙት ይባላል። እኔ ግን ወንዞቹንም አይተው ይመስለኛል፤ በአንድ በኩል ቀሃ፣ በሌላ በኩል አንገረብ አለ። ድልድዮችም አሠርተዋል። ግንቡን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልፈዋለሁ።

በስማቸው የሚጠራውን መዋኛ ግን አላልፈውም። ለጥምቀት ሲደርስ ከቀሃ ወንዝ ውኃ በቦይ እየመጣ ይሞላል፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ይለቀቃል። እኛ የምናየው ሲገባና ሰው ዘሎ ሲዋኝ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ውኃው ከከተማው ወጥቶ ወዴት ይሄዳል ብዬ አባቴን ጠየቅሁት። ወደ መገጭ፣ ከመገጭ ወደ ጣና ይገባል አለኝ። ለካ ባሕር የለንም ብንልም የእኛ ባሕር ጣና ነው!

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ያሳስበኛል። የእኛ ቤት እጣቢ የሚደፋው ከጓሯችን ባለው ቱቦ ነው፤ የምደፋውም እኔ ነኝ። ቱቦውን ተከትዬ ስወርድ ወንዝ ዳር ደረስኩ። ከታች ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ አንድ ሰውዬ ደግሞ በዚያው ውኃ ቆስጣ ያጠጣል። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆስጣ ትገዛለች። ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ ግን የዚያን ቀን ምሳ ጥሩ አልበላሁም።

የሳይንስ መምህራችን እንዳስረዱን ሎንዶንም እንዲህ ነበረች። በ1858 የቴምዝ ወንዝ ሽታ የምክር ቤቱን ሰዎች ሳይቀር አስጨነቃቸው። ጆሴፍ ባዛልጌት የሚባል መሐንዲስ ከመሬት በታች ትልልቅ ቦዮች አሠርቶ ፍሳሹን ከከተማው በታች፣ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ወስዶ አስለቀቀው። ኮሌራም ከከተማው ጠፋ። ነገር ግን ፍሳሹ ሳይጣራ ስለሚለቀቅ የታችኞቹ ሰዎች ደግሞ በተራቸው አማረሩ። ስለዚህ ቦይ ብቻ አይበቃም፤ ማጣሪያ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ቃሊቲ ላይ እንዳለው ማለት ነው። መጀመሪያ ወፍራሙ ቆሻሻ በገንዳ ውስጥ ይዘቅጣል፣ ቀጥሎ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን የቀረውን ይበሉታል፣ ከዚያ ውኃው ወደ ወንዝ ይለቀቃል። ዝቃጩም ለብቻው ይደርቃል። ቆሻሻ የሚበላ ፍጡር መኖሩ አስቆኝ ነበር!

ወደ ታሪካችን ልመለስ። ዐፄ ፋሲል 35 ዓመት ነግሠው በ1667 አዘዞ ላይ ዐረፉ። የተቀበሩት ግን ጎንደር አይደለም፤ ጣና ውስጥ ባለችው ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ነው። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ከጓሯችን ቱቦ የሚወርደው ሁሉ መጨረሻው እሳቸው ያረፉበት ሐይቅ ነዋ!

እጣቢውን ሌላ የት ልድፋው ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። ዝም ብላ አሰበችና ለጊዜው ከጓሮው ጥግ ጉድጓድ እንድቆፍር ነገረችኝ። እስካሁን ጉልበቴ ድረስ ደርሻለሁ፤ ከሥሩ ድንጋይ አለው።