የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ድምፅ

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የጎጃም አነጋገሬን እደብቅ ነበር። ሮብ ገበያ ስመለስ ደግሞ «አማርኛህ ተበላሸ» ተብዬ ይሳቅብኛል። የዮፍታሔ ንጉሤን ታሪክ ሳውቅ ግን በራሴ አፈርኩ።

ዮፍታሔ ደብረ ኤልያስ ተወልዶ እዚያው ቅኔ ተማረ። የቅኔ ተማሪ በግእዝ ይቀኛል፣ ቅኔውን በዜማ ይላል፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። አዲስ አበባ ገብቶ የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት መምህር ሲሆን ያንን ጆሮ ይዞ ነው የሄደው።

እዚያ ኬቮርክ ናልባንዲያንን አገኘ። ኬቮርክ በ1916 ዓ.ም ከ40ዎቹ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ጋር የመጣ የሙዚቃ ሰው ነው። አንዱ የግእዝ፣ ሌላው የኖታ! ግን ተግባቡ። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙን ዮፍታሔ፣ ዜማውን ኬቮርክ ሠሩት። እስከ አብዮቱ ድረስም ተዘመረ።

ጣሊያን ሲወረን ዮፍታሔ ሱዳን ተሰደደ። ከድል በኋላ ተመልሶ በ1939 ዓ.ም አረፈ።

አማርኛው ላይ ዜማ የጨመረለት ከደብረ ኤልያስ ይዞት የመጣው ነው፤ አልደበቀውም። እኔም ከእንግዲህ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ስልክ እንደ ሮብ ገበያ ሰው ነው የማወራው። የሚስቅ ይሳቅ።